ፕሬዚዳንቱን ሲሠሩት ዋሽንግተን እዚያው ተቀምጦ ነበር

"ፕሬዚዳንቱ እንዲህ ማድረግ ይችላል እንዴ?"

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ቤት ገብቶ ይህን ጥያቄ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቡና እየተጠጣ ይጠየቃል። ከቅዳሴ መልስ ይጠየቃል። ከአዲስ አበባ ስልክ ተደውሎም ይጠየቃል። ዲቪ የደረሰው ዘመድ ያለው፣ ሚስቱን ለማምጣት ፎርም ያስገባ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ሁሉ ዋይት ሐውስ ውስጥ በሚፈረም አንድ ወረቀት ኑሮው ሊገለባበጥ እንደሚችል ያውቃል። ለእኛ ነገሩ የፖለቲካ ወሬ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

መልሱን ከቴሌቪዥን መጠበቅ ሰለቸኝ። አንዱ ተንታኝ "ይችላል" ይላል፣ ቻናል ሲቀየር ሌላው "በፍጹም" ይላል። ሁለቱም "የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ሐሳብ ይህ ነበር" ብለው ይምላሉ። እንግዲያው አርቃቂዎቹ ራሳቸው ምን ተባባሉ? ደግነቱ ጄምስ ማዲሰን የሚባለው የ36 ዓመት ሰው ከፊት ተቀምጦ የየዕለቱን ክርክር ሲጽፍ ነው የከረመው። ማስታወሻው የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1840 ነው። (ካልገለጽኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እሱን ሳነብ ከረምኩ። አንዳንዱን ቀን ደጋግሜ አነበብኩት።

ከንባቡ የያዝኩት ነገር ይህ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ሲቀረጽ ጆርጅ ዋሽንግተን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። በዚህ የተነሣ ሊጠየቅ የሚገባውን ብዙ ጥያቄ ሾላ በድፍን አለፉት። ዛሬ እኛ የምንጠይቀው እነሱ ያለፉትን ነው።

ነገሩ የሆነው በ1787 ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ዛሬ ኢንዲፔንደንስ ሆል በሚባለው ሕንፃ ነው። ጉባኤው ሜይ 14 ሊጀመር ታስቦ በቂ ሰው የተገኘው ሜይ 25 ነበር። ከ13ቱ ስቴቶች ሮድ አይላንድ ጭራሽ ሰው አልላከም። በጠቅላላው 55 ተወካዮች መጥተዋል፤ ግን አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ዋሽንግተንን በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ አደረጉት። የተባለው ነገር ከክፍሉ እንዳይወጣ ተስማሙ። በሩ ላይ ጠባቂ ቆመ።

እነዚህ ሰዎች ከንጉሥ ጋር 8 ዓመት ተዋግተው የወጡ ናቸው። ከጦርነቱ ጋር አብረው ያቆሙት መንግሥት ሥራ አስፈጻሚ የሚባል ነገር አልነበረውም። ያለው ኮንግረስ ብቻ ነው። "ፕሬዚዳንት" ተብሎ የሚጠራ ሰው ነበር፤ ሥራው ግን ስብሰባ መምራት ነው። ስቴቶቹም ገዥዎቻቸውን ጠፍረው ነው የያዟቸው፦ በአብዛኞቹ ገዥው በየዓመቱ ይመረጣል፣ የሚመርጠውም ሕግ አውጪው ነው። ፔንሲልቬኒያማ ገዥ የሚባል ነገር አልነበራትም። ብዙ ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ነበር የሚያስተዳድራት፣ በዚያ ዓመት የጉባኤው ፕሬዚዳንት ደግሞ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ዕድሜው 81። በፊላደልፊያው ክርክር ላይ የተናገረውን ሳነብ ይህን አልረሳም። ሥልጣንን ለብዙ ሰው ማካፈል ምን እንደሚመስል በየቀኑ የሚያየው ሰው ነው።

ጁን 1፣ አርብ ቀን፣ የፔንሲልቬኒያው ጄምስ ዊልሰን ተነሣና "ሥራ አስፈጻሚው አንድ ሰው ይሁን" ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የሳውዝ ካሮላይናው ቻርልስ ፒንክኒ ደገፈው። ከዚያ ዝም ተባለ። ማዲሰን "ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ" ብሎ መዝግቦታል። ይህ እንግዲህ ጠበቃና ፖለቲከኛ የሞላበት፣ ስለ ጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ሰዓታት የሚናገሩ ሰዎች ያሉበት ክፍል ነው። ሰብሳቢው "ድምፅ እንስጥበት?" ሲል ነው ፍራንክሊን "ትልቅ ጉዳይ ነው፣ መጀመሪያ ሰዉ ሐሳቡን ይናገር" ያለው። ጆን ራትሌጅም ምን ያሳፍራችኋል ብሎ ወቀሳቸው።

ለምን ዝም አሉ? የኔን ግምት ልናገር። በዚያ ዕለት ጉባኤው እንደ ኮሚቴ ተቀምጦ ስለነበር ሰብሳቢው ናትናኤል ጎርሃም ነው፤ ዋሽንግተን ከወንበሩ ወርዶ እንደ ማንኛውም የቨርጂኒያ ተወካይ ያዳምጣል። "አንድ ሰው" ሲባል ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰውየው እዚያው ነው። "ይህን ሁሉ ሥልጣን ለአንድ ሰው መስጠት አደጋ ነው" ማለት "አንተን አላምንህም" ማለት ሊመስል ነው። ትልቅ ሰው በተቀመጠበት ስለዚያ ትልቅ ሰው ሥልጣን መናገር ምን ያህል አፍ እንደሚያስይዝ እኛ ለማንም የምንነግረው እንጂ ከማንም የምንማረው አይደለም።

ዝምታውን ከሰበሩት መሀል የኮነቲከቱ ሮጀር ሸርማን አለ። ለሸርማን ሥራ አስፈጻሚው የሕግ አውጪው ፈቃድ የሚፈጸምበት ዕቃ ነው፤ አንድም ይሁን ብዙ ሕግ አውጪው እንዳሻው ይሹም፣ እንዳሻው ይሻር። የቨርጂኒያው ገዥ ኤድመንድ ራንዶልፍ ደግሞ አንድ ሰው የሚለውን "የንጉሥ ሥርዓት ጽንስ" ብሎ ጠራው። ከተለያየ የአገሪቱ ክፍል የተውጣጡ ሦስት ሰዎች ይሁኑ አለ። ዊልሰን መለሰለት፦ ሦስት ሰው ካደረግህ አንዱ በሌላው ያሳብባል፣ አንድ ሰው ከሆነ ግን ተጠያቂው ይታወቃል። ጁን 4 ድምፅ ተሰጠ። 7 ስቴት ለ3፣ አንድ ሰው ይሁን ተባለ።

እኔ በዚህ ከዊልሰን ጋር ነኝ። ኮሚቴ ባለበት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይዞ የተንከራተተ ሰው "ይህን የወሰነው ማነው?" ብሎ ጠይቆ መልስ ማጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። ግን የዊልሰን ክርክር አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ያ አንድ ሰው በእውነት መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ ነው በኋላ የላላው።

ስለ ዊልሰን ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ከማዲሰንና ከኒውዮርኩ ተወካይ ከአሌክሳንደር ሃሚልተን ይልቅ ይህን ወንበር የሠራው እሱ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ስኮትላንድ ተወልዶ በሃያዎቹ ዕድሜው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስደተኛ ነው። አንድ ሰው ይሁን ያለው እሱ ነው። ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጠው ብሎ ከመጀመሪያው የቆመውም እሱ ነው። እነሱው ግን በመጨረሻ "በትውልድ ዜጋ የሆነ ብቻ" የሚል አንቀጽ ጨመሩ፤ ያኔ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ጆን ጄይ ጁላይ 25 ለዋሽንግተን በጻፈው ደብዳቤ ዋናው የጦር አዛዥ የውጭ ተወላጅ እንዳይሆን አሳስቦ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ዜጋ ለነበሩት ግን በር ተወላቸው፤ ዊልሰንም ሌላ አገር የተወለደው ሃሚልተንም በዚያ ያልፋሉ። እኔ ዜግነቴን ያገኘሁት እጄን አንሥቼ በመሐላ ነው። መምረጥ እችላለሁ፣ ለዚያ ወንበር መወዳደር አልችልም፣ እዚህ የተወለደች ልጄ ግን ትችላለች። ይህ የቆየ ስጋት ያመጣው ልዩነት እስከ ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ እናትና ልጅን እንደሚለይ ሳስብ ዊልሰን ያን ቀን ምን ተሰማው እላለሁ።

ትልቁ ውጊያ ግን "ማን ይምረጠው?" የሚለው ላይ ነበር። ዊልሰን ራሱ በኋላ ከወሰንናቸው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው ብሏል። ሐሳባቸውን ደጋግመው ቀያየሩ። ኮንግረስ ይምረጠው አሉ። መልሰው ተዉት። መልሰው ያዙት። ጁላይ 17 "ሕዝብ ይምረጠው" የሚለው ለድምፅ ቀርቦ ከፔንሲልቬኒያ በቀር ሁሉም ጣሉት። ጆርጅ ሜሰን በዚያ ቀን ለሕዝብ መተው ማለት ዓይነ ስውርን ቀለም ምረጥ እንደ ማለት ነው አለ። አገሩ ሰፊ ነው፣ ሰዉ ዕጩዎቹን አያውቃቸውም ማለቱ ነው። ሜሰን በኋላ ብዙ እውነት የተናገረ ሰው ስለሆነ ይህን ንግግሩን ሳነብ አዝናለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ማዲሰን የተናገረውን ግን ማለፍ አይቻልም። ሕዝቡ ቢመርጥ ከሁሉ የሚሻለው ነው አለ። አስከትሎ ግን አንድ ትልቅ ችግር አለ አለ፦ የመምረጥ መብት በሰሜን ሰፋ ያለ ነው፣ ደቡቡ ደግሞ በጥቁሮቹ የተነሣ በምርጫው ጉልበት አይኖረውም። መራጭ ወኪሎች (ስቴታቸውን ወክለው ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡ ሰዎች) ቢደረጉ ችግሩ ይፈታል አለ። በግልጽ ነው የተናገረው። ባሪያ ድምፅ አይሰጥም። የስቴቱ የመራጮች ቁጥር በሕዝብ ብዛት ከተሰላ ግን እያንዳንዱ ባሪያ እንደ አንድ ሰው ሦስት አምስተኛ ተቆጥሮ የባለቤቶቹን ስቴት ያከብዳል። ያኔ በቨርጂኒያ ከአሥር ሰው አራት ያህሉ ባሪያ ነው። ጥቁሩ ሰው ድምፅ ሳይኖረው ለገዛው ሰው ድምፅ ክብደት ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ 36 ዓመታት 32ቱን በዋይት ሐውስም ሆነ ከዚያ በፊት በነበሩት ቤቶች የተቀመጡት የቨርጂኒያ ሰዎች ናቸው፤ አራቱም ባሪያ ነበራቸው። በየአራት ዓመቱ ቴሌቪዥን ላይ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የ270 ወኪሎች ድምፅ ሲቆጠር ስናይ እናመሻለን። የቁጥሩ አሠራር ከየት እንደመጣ ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል።

የሥልጣን ዘመኑን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ የያዙት ሰባት ዓመት ሆኖ ዳግም የማይመረጥ የሚል ነበር። ሃሚልተን ጁን 18 ቀኑን ሙሉ ባደረገው ንግግር ጥፋት እስካልተገኘበት ዕድሜ ልኩን ይቆይ አለ። ጁላይ 24 ነገሩ ጨረታ መሰለ። አንዱ 11 ዓመት፣ ሌላው 15፣ ሌላው 8 እያለ ሄደ፣ ሩፈስ ኪንግም 20 ይሁን፣ የመሳፍንት አማካይ ዕድሜ ነው አለ። ይህ ሁሉ የሆነው ከሁለት ወር ክርክር በኋላ ነው። ሁለት ቀን ቆይተው መልሰው ሰባት አሉ። መልሱ በመጨረሻ የመጣው ኦገስት 31 ከተቋቋመ 11 ሰው ያለበት ኮሚቴ ነው። ሥራው ያልተቋጨውን ሁሉ መቋጨት ነበር። ሴፕቴምበር 4 ሲመለስ አራት ዓመት፣ መራጭ ወኪሎች፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ውል የመዋዋልና የመሾም ሥልጣን ከሴኔት ጋር፣ ሁሉንም በአንድ ጥቅል ይዞ መጣ። ፊርማው ሊፈረም 13 ቀን ነው የቀረው። ሰዎቹ ቤታቸውን ናፍቀዋል። ዛሬ እንደ ቅዱስ ቃል የምንጠቅሰው አሠራር አብዛኛው በዚያች ጥቂት ቀን የተደራጀ ነው።

ወደ ዋሽንግተን ልመለስ። ፒርስ ባትለር የሚባል የሳውዝ ካሮላይና ተወካይ ጉባኤው ካለቀ በኋላ በ1788 እንግሊዝ አገር ላለ ሰው ደብዳቤ ጽፏል። የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን እሱ ከሚፈልገው በላይ ሙሉ መሆኑን ይገልጽና ምክንያቱን ይናገራል፦ ብዙዎቹ ተወካዮች ዓይናቸውን ጄኔራል ዋሽንግተን ላይ ጥለው፣ ለፕሬዚዳንቱ የሚሰጠውን ሥልጣን በእሱ መልካምነት ለኩት። ይህ ከውጭ የመጣ ሐሜት አይደለም። እዚያው የነበረ፣ የፈረመ ሰው ምስክርነት ነው። ልብሱ በአንድ ሰው ልክ ተሰፋ፣ ከዚያ ለሚመጣው ሁሉ ልበሰው ተባለ።

ፍራንክሊን ይህን ገና ጁን 4 ቀን አይቶታል። ርዕሱ ፕሬዚዳንቱ ሕግን ውድቅ ማድረግ ይችል እንደሆነ ነበር፤ ዊልሰንና ሃሚልተን ማንም የማይሽረው ቬቶ ይኑረው ብለዋል። ፍራንክሊን ተነሥቶ በቅኝ ግዛት ዘመን የፔንሲልቬኒያ ገዥ በዚህ ሥልጣን ምን ይሠራበት እንደነበር አስታወሰ። ገዥው ገንዘብ ይቀበልበት ነበር። ከእሱ ጋር ለብቻው ሳይዋዋሉ አንድ ጥሩ ሕግ ማውጣት አይቻልም ነበር። ከዚያ እንዲህ አለ፦ መጀመሪያ መሪውን የሚይዘው ሰው ጥሩ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። በዚያ ቀን ሰሙት። ፍጹም ቬቶ የሚለውን አንድም ስቴት አልደገፈውም። የዛሬው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያለው ኮንግረስ ሊሽረው የሚችል ቬቶ የመጣው ከዚያ መንገድ ነው። በሌሎች ጉዳዮች ላይ ግን ያን ያህል አልሰሙትም።

ስለ ፕሬዚዳንቱ የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን ሁለተኛ አንቀጽ አውጥታችሁ አንብቡት፣ አጭር ነው፣ አንድ ቡና እስኪቀዘቅዝ አያስፈልገውም። ስለ ኮንግረስ የሚናገረው የመጀመሪያው አንቀጽ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ኮንግረስ "እዚህ የተሰጡት" ሥልጣኖች አሉት ይላል፤ ፕሬዚዳንቱ ጋ ሲደርስ ግን "የአስፈጻሚነት ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ይሆናል" ብሎ ያቆማል። ያ ሥልጣን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አልተናገሩም። ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትር እንዴት እንደሚሾም ጽፈዋል፣ ማን እንደሚያባርረው አልጻፉም፤ በ1789 የመጀመሪያው ኮንግረስ በዚህ ተጨቃጨቀ፣ ዛሬም ፍርድ ቤት ይጨቃጨቅበታል። ፕሬዚዳንቱ ቢሞት ምክትሉ ፕሬዚዳንት ይሆናል ወይስ ሥራውን ብቻ ይሠራል? ጽሑፉ ለሁለቱም ይመቻል። በ1841 ፕሬዚዳንት ሃሪሰን ሲሞት ምክትሉ ጆን ታይለር "ፕሬዚዳንት ነኝ" ብሎ ተቀመጠ፣ ነገሩ በዚያ ረጋ፣ በጽሑፍ የተቋጨው በ1967 ነው። ስንት ጊዜ መመረጥ ይችላል? አልተናገሩም። ዋሽንግተን ከሁለት ዘመን በኋላ ሄደ፣ ሌሎቹም እሱን እያዩ ሄዱ። ሩዝቬልት አራት ጊዜ ተመርጦ ሥልጣን ላይ ሳለ ከሞተ በኋላ ነው በ1951 ሁለት ብቻ የሚል ማሻሻያ የጸደቀው። የአንድ ሰው ጨዋነት ከ140 ዓመት በላይ እንደ ሕግ አገለገለ።

በየቤታችን ጭንቅ ይዞ የሚመጣው ያ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የሚባለውስ? በስሙ የትም ቦታ ላይ የለም። የሚወጣው "የአስፈጻሚነት ሥልጣን" ከሚለው ቃልና ኮንግረስ በየጊዜው በሕግ ካስረከበው ሥልጣን ነው። ለእኛ ዋናው ሁለተኛው ነው። በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የውጭ ዜጎች መግባት የአገሪቱን ጥቅም ይጎዳል ብሎ ካመነ ፕሬዚዳንቱ ሊያግዳቸው እንደሚችል ይፈቅዳል። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጉዞ እገዳውን 5 ለ4 ሲያጸና የተደገፈው በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ "ይችላል እንዴ?" ለሚለው የቪዛ ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ "ኮንግረስ ሰጥቶታል" ነው። መውቀስ ያለብን፣ ስልክ መደወል ያለብን፣ ድምፃችንን ማሰማት ያለብን ለዋይት ሐውስ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ይነግረናል። የኮንግረስ ተወካያችንን ስም የማናውቅ ብዙ ነን፣ ይህ ደግሞ እኔን በጣም ያሳስበኛል።

የሌላ አገር ታሪክ ሆኖ ቢታይም ለኛ ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው በብሔራዊ ሸንጎው ነበር፤ ሸንጎው የመረጠው ከዚያ በፊትም አገሪቱን ይመሩ የነበሩትን መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ነው። እዚያም ወንበሩ ሲሠራ ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ልዩነቱ ፊላደልፊያ ውስጥ "እኛ አንፈርምም" ያሉ ሰዎች መኖራቸውና በሰላም ቤታቸው መግባታቸው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል፦ ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት ይመርጡታል፣ የአስፈጻሚነት ሥልጣኑ ግን ከጠቅላይ ሚኒስትሩና ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ጋር ነው። ሸርማን ቢያየው ደስ ይለው ነበር፤ ሥራ አስፈጻሚው ከሕግ አውጪው ይውጣ ነበር ያለው። ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው።

ሜሰን እስከ መጨረሻው አልተኛም። ሴፕቴምበር 7 ፕሬዚዳንቱ የሚያማክረው ስድስት ሰዎች ያሉት ጉባኤ ይኑር፣ ከሰሜን ሁለት፣ ከመሀል ሁለት፣ ከደቡብ ሁለት አለ። ደጋፊው ፍራንክሊን ነበር። ሹመቱን ብዙ ሰው ሲሰጥ ሴራ ይፈጠራል ብለን እንፈራለን፣ አንድ ሰው ሲሰጥ ግን ከልክ በላይ እናምናለን አለ። ውድቅ ሆነ። እኔ የዊልሰን ደጋፊ ብሆንም እዚህ ላይ ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ውሳኔው የአንድ ሰው ይሁን፣ ግን በግድ የሚያዳምጣቸው፣ ምን እንደመከሩት የሚመዘገብ ሰዎች ይኑሩት። ዛሬ ካቢኔ የሚባለው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተቋም ሆኖ የለም፤ ፕሬዚዳንቱ ሲፈልግ ይሰበስበዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል።

ከሥልጣን ስለ ማውረድ ጁላይ 20 የተከራከሩት ከሁሉ የወደድኩት ክፍል ነው። ሜሰን "ከፍትሕ በላይ የሚሆን ሰው ይኑር?" ብሎ ጠየቀ። ፍራንክሊን ደግሞ ክስ ካልተፈቀደ ምን እንደሚተርፍ ተናገረ፦ ግድያ። በድሮ ዘመን ሕዝብ የጠላው መሪ ይገደል ነበር፣ ሕይወቱን ብቻ ሳይሆን ንጹሕነቱን የሚያስረዳበትን ዕድልም ያጣል። መክሰስ ለመሪውም ጥቅም አለው ማለቱ ነው። ገቨርነር ሞሪስ (ገቨርነር ስሙ ነው፣ ማዕረግ አይደለም) ክሱን ሲቃወም ቆይቶ በክርክሩ መሀል ሐሳቡን ለወጠ። የእንግሊዙ ቻርልስ ሁለተኛ ከፈረንሳዩ ሉዊ ገንዘብ መቀበሉን አስታውሶ፣ ይህ ሰው ንጉሥ አይደለም፣ ንጉሡ ሕዝቡ ነው ብሎ ጨረሰ። ተከራክሮ ሐሳቡን በሰው ፊት የሚለውጥ ፖለቲከኛ ሳነብ ልቤ ይሞቃል።

ሴፕቴምበር 15፣ ሊፈራረሙ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ራንዶልፍ አንድ የመጨረሻ ነገር ጠየቀ። ፕሬዚዳንቱ ወንጀለኛን ይቅር የማለት ሥልጣን ሲሰጠው የአገር ክህደት ወንጀል ይውጣለት አለ። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፣ ከሃዲዎቹም የገዛ ራሱ መሣሪያዎች ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ አስረዳ። ዊልሰን መለሰ፦ ይቅርታው ያስፈልጋል፣ ከአስፈጻሚው እጅ ቢሆን ይሻላል፣ እሱ ራሱ በጥፋቱ ካለበት ሊከሰስና ሊወርድ ይችላል። ጉባኤው ከዊልሰን ጋር ሆነ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 39 ሰዎች ፈረሙ። ራንዶልፍ፣ ሜሰንና የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ እዚያው ክፍል ውስጥ እያሉ አንፈርምም አሉ።

የዊልሰንን መልስ በተግባር እንየው። የተወካዮች ምክር ቤት አንድሩ ጆንሰንን በ1868፣ ክሊንተንን በ1998፣ ትራምፕን በ2019 እና በ2021 ከሷል። ከሥልጣን ለማውረድ የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ይህ ድምፅ ደግሞ በአንዱም ፕሬዚዳንት ላይ ተገኝቶ አያውቅም። ኒክሰን ከመከሰሱ በፊት በ1974 ለቀቀ፣ የተካው ጄራልድ ፎርድ ወር ሳይሞላው በዚያው የይቅርታ ሥልጣን ነፃ አወጣው። አንድ ሰው ይሾም፣ ምክንያቱም ተጠያቂው ይታወቃል ያለው ዊልሰን ነው። ተጠያቂው ይታወቃል፣ እውነት ነው። የሚጠይቀው ግን በቂ ድምፅ አያገኝም። ያን ቅዳሜ እዚያ ተቀምጬ ድምፅ ብጠየቅ ከራንዶልፍ ጋር ነበር እጄን የማነሣው።